ክቡር አቶ ተባለ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ትልቁን ዘንቢል፣ በሌላው ስልካቸውን ይዘዋል። ደረጃውን በሩጫ ስለወረዱት ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«አንተ፣ እስካሁን ተኝታችኋል? ዘይት ሊጠፋ ነው!»

«ማን አለ እትዬ?»

እንዳዘኑልኝ ሁሉ አዩኝ። «ኧረ ልጄ፣ ማን አለ ይባላል እንዴ? ተባለ!»

ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወደ ሱቅ በረሩ። እኔ በካልሲ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ለስንቱ ሹም ግጥም በተገጠመበት አገር፣ ለእኚህ ሰው አንድ ስንኝ እንኳ ሳይደረስላቸው መቅረቱ ሁሌም ይቆጨኛል። ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፍ ለክቡር አቶ ተባለ አበርክቻለሁ።

አቶ ተባለን አገር ያውቃቸዋል፤ ያያቸው ግን የለም። ቢሮ የላቸውም። ማኅተም የላቸውም። ደመወዝ አይከፈላቸውም፣ የትርፍ ሰዓትም ጠይቀው አያውቁም። በበዓል እንኳ ሥራ ይገባሉ፤ እንዲያውም በዋዜማው ይብስባቸዋል። ሌላው መሥሪያ ቤት አንዲት ደብዳቤ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ለማድረስ ሁለት ሳምንት ሲፈጅበት፣ እርሳቸው ከመርካቶ ተነስተው ሰሚት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላቸውም። መንገድ ቢዘጋ አይቆሙም። ኔትወርክ ቢጠፋ በእግራቸው ይመጣሉ።

ቤተሰባቸውም ሰፊ ነው። ታናሽ ወንድማቸው «አሉ» ነው። እህታቸው «ሲሉ ሰማሁ» ትባላለች። «ከውስጥ ሰው የሰማሁት» የሚባል የሩቅ ዘመድም አላቸው፤ እሱ ትንሽ ይኮራል፣ ሲናገርም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ትንቢታቸው ነው። አቶ ተባለ ተሳስተው አያውቁም ማለት ይቻላል። እስቲ ሜትሮሎጂን ተመልከቱ። የተማረ ሰው አለ፣ መሣሪያ አለ፣ ሳተላይት አለ። «ነገ ይዘንባል» ይላሉ፤ አንዳንዴ ይዘንባል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ደመናው የእነሱን ወሬ ስለማይሰማ ነው። ዘይት ግን ይሰማል። ዘይት «ሊጠፋ ነው» ሲባል ሰምቶ ይጠፋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእኛ ብሎክ ሠላሳ አባወራ አለ እንበል። አንዱ ቤት በወር አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይበቃዋል። የሰፈራችን ባለሱቅ ይህን ስለሚያውቅ ሠላሳ ጀሪካን ያስገባል። ወሩ በሰላም ያልፋል። አቶ ተባለ ብቅ ያሉ ዕለት ግን እያንዳንዱ «ለመጠባበቂያ» ብሎ ሦስት ሦስት ይገዛል። አሥረኛው ሰው ሲወጣ መደርደሪያው ባዶ ነው። አሥራ አንደኛው መጥቶ ባዶውን ያያል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። «አላልኩም?» ይላሉ እትዬ። ምን ትላቸዋለህ? ብለዋል!

እኔ መቼም የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝ። በወሬ አልነዳም። ይህን ለባለቤቴም አስረዳኋት። «ዘይት ከየትም አይጠፋም። ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሯሯጠው» አልኳት። እሷ በረንዳ ላይ ቆማ ወደ ታች እያየች ነበር።

«አንተ ልክ ነህ» አለችኝ። «ግን እነዚህ ሁሉ ሰዎች ገዝተው ሲጨርሱት፣ በአንተ ትክክለኛነት ነው ሽሮ የምሠራው?»

ሰባት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሱቁ ጋ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ነው የአቶ ተባለ ሊቅነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ተራ ሰባኪ የሚያምንበትን ብቻ ነው የሚያስከትለው። እርሳቸው የማያምንባቸውንም ያሰልፋሉ። እኔ ወሬውን አላመንኩም። ሌላው እንደሚያምን ግን አምናለሁ። ከፊቴ የቆመው ሰውዬም ምናልባት እንደ እኔው አላመነም ይሆናል፤ እኔ የማምን መስሎት ነው የመጣው። እንግዲህ አንድም ሰው ሳያምን ሁላችንም ተሰልፈን ዘይቱን ጨረስነው ማለት ነው።

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ በ1936 እ.ኤ.አ. የአክሲዮን ገበያን ከአንድ የጋዜጣ ውድድር ጋር አመሳስሎት ነበር። መቶ የሴቶች ፎቶ ይወጣል፤ አንባቢ ስድስቱን ቆንጆዎች ይመርጣል። ሽልማቱ የሚሰጠው ግን ምርጫው ከብዙኃኑ ምርጫ ጋር ለተቀራረበው ሰው ነው። ስለዚህ ብልጡ ተወዳዳሪ ለእሱ ቆንጆ የመሰለችውን አይመርጥም። ሌላው ሰው ማንን ይመርጣል ብሎ ይገምታል። ከእሱ የባሰው ብልጥ ደግሞ ሌላው ሰው ስለ ሌላው ሰው ምን ይገምታል ብሎ ይገምታል። ኬንስ ነገሩን ለማስረዳት የጋዜጣ ውድድር ድረስ መድከሙ ያሳዝናል። እኛ ሰፈር አንድ ቅዳሜ ቢውል በግማሽ ቀን ይገባው ነበር።

ሱቁ ጋ ስደርስ ዋጋው መቶ ብር ጨምሯል። ከትናንት በስቲያ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሳሙና ልገዛ ስመጣ ጭር ያለ ሱቅ ነበር።

«ምነው በሁለት ቀን?» አልኩት ባለሱቁን።

«ጋሼ፣ ነገ ይጨምራል ብለው እኮ ነው የመጡት። እናንተ ነገን ካልጠበቃችሁ እኔ ለምን እጠብቃለሁ?»

መልስ አጣሁ። ሦስት ጀሪካን ተሸክሜ ወጣሁ።

አቶ ተባለ ግን በዘይት ብቻ የሚወሰኑ ሰው አይደሉም። ልጅ የት እንደሚማር ይወስናሉ። የቱ ሐኪም «እጁ ጥሩ» እንደሆነ ያውቃሉ። አንዱ ጁስ ቤት ከፍቶ ሲቀናው፣ «ጁስ ያዋጣል ተባለ» ይሉና መንገዱን ግራና ቀኝ በአቮካዶ ይሞሉታል፤ ከስድስት ወር በኋላ ያው መንገድ ሞባይል ቤት ይሆናል። ዋናው ሙያቸው ግን ነዳጅ ነው።

«የነዳጅ ዋጋ ሊከለስ ነው» የሚባልበትን ምሽት የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ከቢሮ ስትወጣ መንገዱ በአንድ በኩል ቆሟል። ሰልፉ ከማደያው ወጥቶ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ የማይመለከተውን ሰፈር ሁሉ ዘግቷል። መጀመሪያ የትራፊክ አደጋ ይመስልሃል። ቀጥሎ መስኮት አውርደህ ትጠይቃለህ። «ምንድን ነው?» «ሊጨምር ነው ተባለ።» ይህቺን ከሰማህ በኋላ ወደ ቤት መሄድ ሞኝነት ነው። ፍሬቻህን አብርተህ ከኋላ ትጠጋለህ። አሁን አንተም ሰልፉን በአንድ ቪትዝ አስረዝመኸዋል። ከአንተ ኋላ የሚመጣው ሰው ማስረጃው አንተ ነህ።

ነዳጁ ከአገር አልወጣም፤ ከማደያው ሆድ ወደ መኪናችን ሆድ ተዛወረ እንጂ። በአዘቦት ቀን አብዛኞቻችን የምንነዳው ከግማሽ በታች በሆነ ታንክ ነው። ማደያውም ቦቴውም የለመዱት ይህንኑ ነው። ያ ሁሉ መኪና በአንድ ምሽት «ሙላልኝ» ሲል የትኛውም ማደያ አይችለውም፤ የየትም አገር ማደያ ቢሆን። ያልቃል። ሲያልቅ ገመድ ይወጠራል። ገመዱን ያየ ሁሉ ለወዳጁ ይደውላል።

እኔ አንድ ምሽት ሦስት ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ቀጂዋ ጎማውን አስገብታ ገና ስትጀምር ማሽኑ ቆመ። 6 ሊትር።

«ጋሼ፣ ሙሉ ነበር እኮ» አለችኝ።

«ይሁን፣ ላለመቅረት ነው» አልኳት።

ከስድስቱ ሊትር ምን ያህሉን እዚያው ሰልፉ ላይ፣ ሞተር አጥፍቼ እያስነሳሁ፣ እንዳቃጠልኩት አላሰላሁም። እንዲህ ያለ ስሌት የአቶ ተባለን ክብር ይነካል።

አቶ ተባለ ካሏቸው ረዳቶች ሁሉ ታማኙ ደግሞ መግለጫ ነው። «ምንም ዓይነት የአቅርቦት እጥረት የለም፤ ኅብረተሰቡ ሳይደናገጥ…» ተብሎ ሲነበብ፣ እስከዚያች ደቂቃ ምንም ያልሰማው ሰው ይሰማል። ሰምቶም ያስባል። «እጥረት ከሌለ የለም ማለት ለምን አስፈለገ?» ጫማውን ያጠልቃል። እውነት ለመናገር በሕዝቡ አልፈርድም። «አይጨምርም» የተባለ ስንት ነገር በማግስቱ ሲጨምር አይቷል። መግለጫ ሰጪው አሥር ጊዜ ሲምል፣ አቶ ተባለ አንድም ቀን ሳይምሉ መታመናቸው ከዚህ የመጣ ነው። ሰውየው የሚበሉት የሌላውን እንጀራ ነው ለማለት ነው።

በታሪካቸው ከሚያኮሯቸው ሥራዎች አንዱን ላንሳ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። አቶ ተባለ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። «ነጭ ሽንኩርት ይከላከላል ተባለ። ዝንጅብል ተባለ። ፌጦ በሎሚ ተባለ።» በጥቂት ቀን ውስጥ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ። ድሮ ለጉንፋን በነጻ ከጎረቤት የምትጠየቀው ሎሚ ጌጣጌጥ ሆነች። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። እኛ ያን ሰሞን ተረቱን አሻሻልነው። አንዱ ሰውዬ ሃምሳውንም ተሸክሞ ሄደ፣ አርባ ዘጠኛችን ባዶ እጃችንን ቀረን። በሽታው «ተራራቁ» ይላል፤ እኛ ከበሽታው ለመዳን አትክልት ተራ ተቃቅፈን ቆመናል።

ሌላው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ያደረገበት ዕለት። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት 75 ብር ተጠጋ። ይህ እውነተኛ ነገር ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ቢወደድ አይገርምም። የአቶ ተባለ ጥበብ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጉሊት ወርጄ አንድ እስር ጎመን አነሳሁ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ምነው እናቴ?»

«ዶላር ጨመረ እኮ፣ ልጄ።»

ጎመኗን ገልብጬ አየኋት። ፓስፖርት ያላት አትመስልም። ከከተማው ዳር በወንዝ ውሃ በቅላ፣ በአህያ ተጭና የመጣች ጎመን ናት። ግን ሴትዮዋ ጥፋተኛ አይደሉም። የሳቸው ጎመን ባይጨምር፣ በሽያጩ የሚገዙት ሳሙና ጨምሯል። ሳሙና ሻጩ ደግሞ ጎመን ይበላል። ሁሉም ሰው ሌላው ይጨምራል ብሎ ስለጨመረ፣ ሁሉም ልክ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን ልክ የሚሆነው ስንቴ ነው?

በዚሁ በ2016፣ ለመጋቢት 7 አጥቢያ ሌሊቱን፣ አቶ ተባለ ባንክም ጎብኝተዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናግቶ፣ ሰው ሒሳቡ ላይ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና መላክ ቻለ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ከአልጋ አልጋ ዘለለ። የዚያን ሌሊት «ተባለ» እውነት ነበር፤ ማሽኑ በእርግጥም ይሰጣል። ሌላው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ጥፋት አይመስልም። ብቻህን ብታደርገው ሌብነት ነው፤ ከዶርምህ ልጆች ጋር ተሰልፈህ ስታደርገው ዕድል ነው። ባንኩ በኋላ የሄደብኝ 801 ሚሊዮን ብር ግድም ነው አለ። «መልሱ» ተባለ። አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱት ፎቷቸው በየቅርንጫፉ ተለጠፈ። ያን ጊዜ አቶ ተባለ የት እንደነበሩ ማንም አልጠየቀም። ፎቷቸውም አልተገኘም።

ይህ ሁሉ የእኛ ብቻ ተሰጥኦ ነው ብዬ እንዳልኩራራ ጃፓኖች ያሳፍሩኛል። ታኅሣሥ 1973 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስት ተማሪ ልጃገረዶች በባቡር ሲሄዱ፣ አንዷ ቶዮካዋ በምትባል ከተማ በሚገኝ ትንሽ ባንክ ሥራ ማግኘቷን ታወራለች። ጓደኞቿ «ባንክ እኮ አደገኛ ነው» ብለው ይቀልዱባታል፤ ዘራፊ ሊመጣ ይችላል ለማለት። እሷ ቤቷ ገብታ «ያ ባንክ አደገኛ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። የተጠየቀችው ዘመድ ሌላ ሰው ጠየቀች። ጥያቄው ሲዞር ሲዞር ልብስ ንጽሕና ቤት ደረሰ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ በዚያ ቤት ስልክ ለራሱ ጉዳይ «ከዚያ ባንክ 1.2 ሚሊዮን የን አውጣ» ብሎ ሲያዝ ተሰማ። አለቀ! የቤቱ ባለቤቶች ገንዘባቸውን አወጡ፣ ለሚያውቁት ሁሉ ደወሉ። ታክሲ ነጂዎች ወሬውን ሲያመላልሱት ቀትር ላይ «አደገኛ ይመስላል» የነበረው፣ ሲመሽ «ነገ አይከፈትም» ሆኖ አረፈ። በጥቂት ቀን ከአንድ ቢሊዮን የን በላይ ወጣ። ባንኩ ግን ምንም ችግር አልነበረበትም።

የእነሱ ሰው የራሱን ገንዘብ ለማዳን ተሰለፈ፤ የእኛው ደግሞ የራሱ ያልሆነውን እንዳያመልጠው። በዚህ እንበልጣቸዋለን። አንድ ነገር ግን አበላሹ። ፖሊሳቸው ወሬውን ወደ ኋላ እየተከተለ፣ «አንተ ከማን ሰማህ? አንቺስ?» እያለ ሄዶ ባቡሩ ላይ ደረሰ። አቶ ተባለን እስከ ቤታቸው መከተል! ነውር አይደለም እንዴ?

ነውር ቢሆንም እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔም ሞከርኩት። ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። አልጋቸው ሥር ጀሪካን ተደርድሯል፤ የአልጋ ልብሱ አጭር ስለሆነ ይታያል።

«እትዬ፣ የዘይቱን ነገር ከማን ነበር የሰሙት?»

«እኔማ ዓርብ ማታ ከአራተኛ ፎቋ ሰማሁ። እሷ ውሸት አታውቅም።»

አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ውሸት የማያውቁት ሴትዮ ከሠራተኛቸው እንደሰሙ ነገሩኝ። ሠራተኛዋ ልጅ ልብስ እያሰጣች ነበር። «ከሱቅ ነው የሰማሁት» አለችና ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ትንሽ ረዘመብኝ።

ወደ ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቁ ባዶ መደርደሪያውን በጨርቅ ይወለውላል።

«ይሄን የዘይት ወሬ ማን ነው ያስጀመረው?»

«ጋሼ፣ ይቀልዳሉ?»

«ኧረ የምሬን ነው።»

ጨርቁን አስቀመጠ። «ሐሙስ ዕለት ሳሙና ሊገዙ መጡ። ባለ 3 ሊትሩን ዘይት አጡትና ‹ምነው፣ ዘይት ጠፋ እንዴ?› አሉኝ። እኔ ለሶፍት ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ወደ ጓዳ አግብቼው ነበር። ልነግርዎ ስል ስልክ ተደወለልዎትና ወጡ። ያቺ የአራተኛ ፎቋ ልጅ አጠገብዎ ነበረች።»

ትንሽ ዝም አልኩ። ወሬውን ለማስቀየር ዓይኔን መደርደሪያው ላይ አንከራተትኩ።

«ስኳር የለም እንዴ?» አልኩት።

ከኋላዬ ዳቦ የገዛች ሴትዮ ፌስታሏን መሬት አስቀመጠችና ስልኳን አወጣች።